ፕላኔት ኧርዝ 1 እና 2 በዲስክ፦ የትኛው እትም፣ ከየት ይገዛ?

የሽሮሜዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። የቢቢሲን «ፕላኔት ኧርዝ» (እ.ኤ.አ. የ2006ቱን) እና «ፕላኔት ኧርዝ 2»ን ገዝቼ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቼ መላክ እፈልጋለሁ። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ለንደን ያለ ዘመዳችንም ከዚያ ገዝቶ በሰው እጅ ሊልክላቸው ይችላል። ቤት ያለው ባለ 55 ኢንች 4ኬ ቲቪ ነው። ማጫወቻ የለም፤ እሱም አብሮ መገዛት አለበት። ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ ስትሪሚንግ አትምከሩኝ።

ግራ ያጋባኝ የእትሙ ብዛት ነው። አንዱ ሣጥን ላይ ተራኪው ዴቪድ አተንቦሮ ነው፣ ሌላው ላይ ሴት ናት። ዲቪዲ አለ፣ ብሉሬይ አለ፣ 4ኬ አለ። የቱን ከየት ልግዛ? ያያችኋቸው ካላችሁ ስለ ፊልሞቹ ራሳቸውም የሚሰማችሁን ጨምሩልኝ፤ አባቴ የሚጠብቀው ስሜንንና ኤርታሌን ነው።

አራት ማዕዘን

እህቴ፣ ከተራኪው ልጀምር፤ ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። የ2006ቱ እንግሊዝ ውስጥ ሲተላለፍ የተረከው አተንቦሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዲስከቨሪ ቻናል ሲታይ ትረካው ተቀይሮ በተዋናይቷ በሲጎርኒ ዊቨር ድምፅ ተቀዳ። ሁለቱም በዲስክ ወጥተዋል፣ ሽፋናቸውም ይመሳሰላል። የዊቨር ድምፅ ክፉ አይደለም፤ ግን ምስሉ ራሱ የሚናገረውን መልሶ የማስረዳት ጠባይ አለው። አተንቦሮ ዝም ማለት የት እንዳለበት ያውቃል። ኦንላይን ስትገዢ የሽፋኑን ፎቶ አትመኚ፤ የሣጥኑን ጀርባ አስልኪና የተራኪውን ስም አንብቢ።

ቀጥሎ ሪጅን የሚሉት ቁልፍ አለ፤ ዲስኩ ለዚያው የዓለም ክፍል በተሠራ ማጫወቻ ብቻ እንዲከፈት የሚያደርግ ነው። በዲቪዲ አሜሪካ 1፣ እንግሊዝና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። በብሉሬይ አሜሪካ ኤ ስትሆን አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ ናቸው። ስለዚህ በብሉሬይ ለንደንና አዲስ አበባ አንድ ናቸው፤ ሜሪላንድ ነው የሚለየው። 4ኬው ዲስክ፣ ማለትም አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ፣ ሪጅን የሚባል ነገር የለውም። ብቻ 4ኬው ሣጥን ውስጥ ተጨማሪ ተራ ብሉሬይ ካለ ያኛው ሊቆለፍ ይችላል።

ከሪጅን የባሰው ግን 50 ሄርዝ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደስበት አሠራር ነው (የአሜሪካው 60 ነው)፤ ስለሱ የሚያወራ ሰው ትንሽ ነው። እንግሊዞች ለቴሌቪዥን የሚቀርጹት በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። በዚህ ምክንያት እንግሊዝ ውስጥ ከሚታተሙ የቴሌቪዥን ብሉሬዮች ብዙዎቹ «1080አይ 50» ተብለው ነው የሚወጡት። አሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎችና ቲቪዎች ይህን አይቀበሉም፤ ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም «ሲግናል የለም» ይላል። ገዢው ዲስኩ የተበላሸ ይመስለውና ይመልሳል፣ ሁለተኛውም ያንኑ ያደርጋል። አዲስ አበባ ያለው ቲቪ ለ50 ሄርዝ አገር የተሠራ ከሆነ 50ውንም 60ውንም ያሳያል። ስለዚህ ዲስኩም ማጫወቻውም ከለንደን ይምጣ። ከሜሪላንድ ዲስክ ልከሽ ከለንደን ማጫወቻ ካስላክሽ ሁለቱ ላይስማሙ ይችላሉ።

ዲቪዲውን እርሺው። ፓል የሚባለው የእንግሊዙ ዲቪዲ ምስሉ 720 በ576 ነጥብ ነው፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 720 በ480። ለ55 ኢንች ሁለቱም ያንሳሉ። በዚያ ላይ የ25 ፍሬም ፊልም ወደ አሜሪካው 29.97 ሲገለበጥ ፍሬም እየተደባለቀ ይሄዳል፤ ወፍ ክንፉን ሲያራግብ ከኋላው የደበዘዘ ሌላ ክንፍ ይከተለዋል። አንዴ ካየሽው በኋላ ዓይንሽ ከዚያ ላይ አይነሣም።

የ2006ቱን በብሉሬይ ግዢ፣ ከዚያ በላይ አትፈልጊ። ሲቀረጽ በኤችዲ ስለሆነ «4ኬ» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው የተለጠጠ ምስል ነው የሚሸጥልሽ። እንከን የለበትም አልልም፦ ጥልቅ ባሕርና ሰማይ ላይ ቀለሙ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ይታያል፣ አንዳንድ ቀረጻም ከጎኑ ካለው ይልቅ ለስለስ ይላል። ያ ከቀረጻው ነው፤ የቲቪሽን ሴቲንግ ብትነካኪው አይድንም። ሌላው፣ አሜሪካ መጀመሪያ የወጣው ባለ 4 ዲስክ ብሉሬይ «ዳያሪስ» የሚባሉትን፣ ካሜራ ሰዎቹ እንዴት እንደቀረጹ የሚያሳዩትን የ10 ደቂቃ ክፍሎች አልያዘም። ቆይቶ የመጣው ልዩ እትም ይዟቸዋል። ለእኔ እነሱ ከዋናው አይተናነሱም።

የ2016ቱን ሁለተኛውን ግን በ4ኬ ዲስክ ነው መግዛት። ስትሪሚንግ 4ኬ ሲልክ በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት አካባቢ ነው፤ ባለ 100 ጊጋባይት ዲስክ እስከ 128 ድረስ ይፈቀድለታል። ልዩነቱ ፊት ለፊት በቆመ ተራራ ላይ ላይታይሽ ይችላል፤ አቧራ፣ ጭጋግ፣ የሚርመሰመስ መንጋ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስትሪሚንጉ ሣሩን ገንፎ ያደርገዋል።

ቮልት

ማጫወቻውን በተመለከተ አንድ ነገር። ከአሜሪካ ከላክሽ ሶኬቱን ሳይሆን ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ እዪ። «100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» ካለ የሶኬት አስማሚ ይበቃዋል። «120 ቮልት 60 ሄርዝ» ብቻ ካለ ግን አዲስ አበባ 220 ላይ ሲሰካ የኃይል ክፍሉ ወዲያው ይቃጠላል። መንገደኛ የሚይዛት ለፀጉር ማድረቂያ የተሠራች ትንሽ ኮንቨርተር አትሆንም፤ ኤሌክትሪኩን ቆራርጣ ነው የምትሰጠው፣ ኤሌክትሮኒክስ አይወደውም። የሚያስፈልገው ባለ ጥቅል ሽቦ ማውረጃ ትራንስፎርመር ነው፤ ማጫወቻ ብዙ ስለማይበላ ባለ 100 ዋት ይበቃል። ከለንደን ከመጣ ይህ ሁሉ የለም፤ የሦስት እግር ሶኬቱን መቀየር ብቻ ነው።

የትም ይገዛ የት ስታቢላይዘር ይኑረው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚገድለው። መብራት ሲጠፋ ማጫወቻውን ከሶኬት ነቅሎ፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ያለ ስታቢላይዘርም ብዙ ዕቃ ያድናል።

የጀጎል ልጅ

ስለ ፊልሞቹ ልጨምር። ለአባትሽ የ2006ቱን ሁለተኛ ክፍል፣ «ማውንቴንስ» የሚለውን ክፈቱላቸው። የሚጀምረው በኤርታሌ ነው፤ ከዚያ ወደ ስሜን ይወጣል፣ ጭላዳው፣ ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮው ይመጣል። ጭላዳ ብዙ ሆኖ ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ከአየር የተነሣበት ቀረጻ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ጣቶቹን ልብ ብላችሁ እዩ፦ ሣሩን በሁለቱም እጁ ቶሎ ቶሎ እየቀነጠሰ መዳፉ ውስጥ ያጠራቅምና ሲሞላ ነው ወደ አፉ የሚወስደው። በብሉሬይ እያንዳንዱ ሰበዝ ይለያል፣ በዲቪዲ እጁ ራሱ ይጠፋል።

ቅር የሚያሰኘው ቅንብሩ ነው። ኤርታሌና ስሜን አጥር የሚለያቸው ጎረቤት ይመስላሉ፤ በቀጥታ መስመር እንኳ በመካከላቸው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ኤርታሌ ቁመቱ 613 ሜትር ነው፣ ስሜን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። አገሩን የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አሳቡ ግን ስህተት አይደለም፦ ስሜንም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ስለዚህ ተራራ ሲወለድና ተራራ ሲያረጅ ጎን ለጎን ማሳየት ፈልገው ነው።

ከሁለተኛው ተከታታይ ደግሞ የመጨረሻው ክፍል፣ «ሲቲስ»፣ ሐረርን ይዟል። ሌሊት ሁለት የጅብ መንጋ ሲጋጠም፣ ከዚያ ጅቦቹ ተራ ይዘው በጠባቡ መንገድ ሲገቡ፣ ከሰው እጅ አጥንት ሲቀበሉ ይታያል። አጭር ናት፤ በዚያው ክፍል የሙምባይ ነብር አለ፣ የኒውዮርክ ጭልፊት አለ፣ የሮም ወፎች አሉ። ለሐረር ሰው ጉዳዩ ከአጥንት ያለፈ ነው፤ ጅብ ጂን ይበላል ይባላል፣ በአሹራ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ይቀርብለታል፣ የጀጎል ግንብ ራሱ ለጅብ መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለው፣ ዋራባ ኑዱል ይሉታል። ይህን እያጫወታችኋቸው ብታዩ ይሻላል። በዲስኩ ላይ ያለው የግርጌ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ አትጠብቂ።

አንጋፋ ተመልካች

በሁለተኛው ላይ ከሁላችሁም ትንሽ ልለይ። ምስሉ ድንቅ ነው፣ ግን ሙዚቃው አያሳርፍም። አንድ እንሽላሊት ሲሮጥ የጦርነት ፊልም ይመስላል። የ2006ቱ ታጋሽ ነው፤ እንስሳው ራሱ እስኪንቀሳቀስ ይጠብቃል። ለሽማግሌ ሰው ከመጀመሪያው ብትጀምሩ ይሻላል።

ድምፁንም እውነት ብላችሁ አትያዙት። በረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲቀረጽ የእንስሳው ኮቴና የማኘክ ድምፅ ማይክሮፎኑ ጋ አይደርስም፤ አብዛኛው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ነው። ማታለል ነው አልልም፣ የዘርፉ ልማድ ነው፤ ብቻ በሁለተኛው ላይ እጃቸው በዝቷል።

አራት ማዕዘን

በሙዚቃው እስማማለሁ። ግን የሐረሩን ሌሊት ካነሣችሁ፣ 4ኬው የሚበላሸውም እዚያው ነው። ዲስኩ ኤችዲአር ነው፣ ማለትም በደማቁና በጨለማው መካከል ያለውን ልዩነት አስፍቶ የሚያሳይ፤ ደካማ ብርሃን ያለው ርካሽ 4ኬ ቲቪ «ኤችዲአር» ተብሎ ተጽፎበት እንኳ ጨለማውን ድፍን ያደርገዋል፣ ከጅቡ ዓይኑ ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦ የመብራት ቁጠባው ይጥፋ፣ በብርሃን መጠን የሚቀያየረው ይጥፋ፣ የምስል ምርጫው «ሲኒማ» ወይም «ፊልም ሜከር» ይሁን፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው ይጥፋ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከጨለመ ከማጫወቻው ላይ ኤችዲአሩን አጥፍቶ በተራው ብርሃን ማየት ይሻላል፤ የምስሉ ዝርዝር አይቀንስም።

ሌላው ሁሌ የሚረሳ፦ የቲቪው ኤችዲኤምአይ መግቢያ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሙሉውን 4ኬ ለመቀበል አልተከፈተም። ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ዲፕ ከለር»፣ ሶኒ ላይ «ኢንሃንስድ ፎርማት» የሚለውን ማጫወቻው ለተሰካበት መግቢያ ማብራት ነው። ገመዱም «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚለው፣ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፈው ይሁን። ምስሉ በየመሃሉ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ጥቁር እያለ ከተመለሰ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ።

ዲስኩ መሃል ላይ ሲቆም ደግሞ ቶሎ ተበላሸ አትበሉ። ባለ ሦስት ድርብ ዲስክ አንዲት የጣት አሻራ ይበቃዋል። በለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው፤ ዙሪያውን ማሸት ጭረቱን ከመረጃው መስመር ጋር ስለሚያስኬደው ማጫወቻው ማረም ይሳነዋል።

ገበያ ላይ በርካሽ ካገኛችሁት ገልብጣችሁ እዩት። ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ከሥሩ ብርማ ነው፤ ወይን ጠጅ ካለ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው። 11ዱም ክፍል በአንድ ወይም በሁለት ዲቪዲ ላይ ከገባ ታምቆ ነው፣ ምስሉ እንደ ድሮው ቪሲዲ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል።

የሽሮሜዳዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እንግዲያው የመጀመሪያው በብሉሬይ፣ ሁለተኛው በ4ኬ፣ ሁለቱም ከለንደን። አንድ የቀረኝ፦ እዚያው ቤት ከአሜሪካ የሄደ ፒኤስ 5 (ፕሌይስቴሽን የሚባለው የጨዋታ ማሽን) አለ። ማጫወቻ ከመግዛት በሱ አይሆንም?

ቮልት

ኤሌክትሪኩ ችግር የለበትም፣ ፒኤስ 5 ከ100 እስከ 240 ይቀበላል። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ከሆነ 4ኬውን ያጫውታል። ፒኤስ 4 ፕሮ ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር፤ ለጨዋታ 4ኬ ቢያወጣም 4ኬ ዲስክ አያነብም።

አራት ማዕዘን

ብሉሬዩ ላይ ነው የሚያስቸግርሽ። ከአሜሪካ የሄደው ሪጅን ኤ ነው፣ መቀየሪያም የለውም፤ ከለንደን የሚመጣው የ2006ቱ ቢ ተብሎ ከተቆለፈ አይከፍተውም። ስለዚህ ለ4ኬው ፒኤስ 5ቱ ይበቃል፣ ለመጀመሪያው ደግሞ ከለንደን ተራ ብሉሬይ ማጫወቻ ቢመጣ ከ4ኬ ማጫወቻ በብዙ ይረክሳል። ፒኤስ 5ቱ ማስገቢያው ተነቃይ የሆነው ስሊሙ ከሆነና ማስገቢያው ገና ካልተገጠመለት፣ መጀመሪያ ሲገጠም አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ መስመሩ ደህና በሆነ ሰዓት አስቀድመው ያድርጉት።