ቢጫውን አምፖል በኤልኢዲ መለወጥ ያዋጣል?

ጥያቄ፦
የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ በሳሎኑ፣ በማዕድ ቤቱና በሁለቱ መኝታ ክፍሎች እስካሁን ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል እንጠቀማለን። ወደ ኤልኢዲ ብንለውጥ የዋጋው ልዩነት በእርግጥ ይካካሳል? ስንት ዋትስ መግዛት ይኖርብናል?

መልስ፦
ይካካሳል። አራቱ አምፖሎች በቀን ለ5 ሰዓት ቢበሩ በ30 ቀን 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ተቀራራቢ ብርሃን የሚሰጡ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲዎች ግን 5.4 ብቻ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከፍጆታው ጋር በእርከን ስለሚያድግ፣ ቁጠባው ወደ ዝቅተኛ እርከን ሊያወርድዎትም ይችላል። ሲገዙ ከዋቱ ይልቅ በካርቶኑ ላይ የሰፈረውን ሉመን (የብርሃኑን መጠን መለኪያ) ይመልከቱ፤ ለባለ 60 ዋቱ ምትክ የሚሆነው 800 ገደማ ነው። ሉመኑ ያልተጻፈበትን እኔ በበኩሌ አልገዛም።

ሌላ መልስ፦
የብርሃኑንም ቀለም ያስቡበት። 6500 ኬልቪን የሚባለው ነጭ ብርሃን ምስር ለሚለቀምበት ማዕድ ቤት ይመቻል፤ ለመኝታ ክፍል ግን ከለመዳችሁት ቢጫ ጋር የሚቀራረበው 2700 ይሻላል። ዙሪያውን በተዘጋ የመስታወት ክዳን ውስጥ ከገባ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ የኤልኢዲው ዕድሜ ያጥራል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖልስ ይቀየር?

መልስ፦
እስኪቃጠል ይጠቀሙበት። በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ ስላለ፣ ምናልባት ቢሰበር መስኮት ከፍተው ክፍሉን ካናፈሱ በኋላ ስብርባሪውን በባዶ እጅ ሳይነኩ በወፍራም ወረቀት ይሰብስቡት።