አሥር ሳምንት ብቻ ስቴሮይድ ብወስድ ምን አገኛለሁ፣ ምንስ አጣለሁ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አዘዞ የምኖር የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ብረት ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ቢሆነኝም፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰውነቴ ባለበት ቆሟል። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ በየሳምንቱ የሚወጋ የቴስቶስትሮን (ስቴሮይድ ከሚባሉት አንዱ የሆነ የወንድ ሆርሞን) መርፌ ሊያመጣልኝ እንደሚችል፣ አሥር ሳምንት ብቻ ወስጄ ባቆም ምንም እንደማይደርስብኝ ነግሮኛል። እርሱ በጥቂት ወራት የተለወጠውን አይቼ ልቤ ሸፍቷል። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ አለብኝ። በዚህ ጉዳይ ዕውቀት ያላችሁ ብትመክሩኝ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነኝ። አይሠራም የሚሉህን አትስማ፤ ይሠራል። በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ43 ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በየሳምንቱ 600 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ለአሥር ሳምንት እየተወጉ ብረት ያነሱት ከስብ ውጭ ወደ 6 ኪሎ ሲጨምሩ፣ ያለ መድኃኒት ብረት ያነሱት የጨመሩት 2 ኪሎ ገደማ ነው። መርፌውን ወስደው ብረት ያልነኩት እንኳ 3 ኪሎ ያህል ጨምረዋል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች የተወጉት ምንነቱ የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ ሐኪምም ይከታተላቸው ነበር።

ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ፣ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። በዚህም የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፤ የወንድ ዘር ቁጥርም እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለማገገም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ ጨርሶ የማይመለስላቸውም አሉ። ሠርግ ካለፈ ዓመት ሳይሞላ «ምነው?» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ የሚጠየቀው ደግሞ አስቀድሞ ሙሽራዋ ናት።

መልስ 2
እኔ የሚዋጠውን ዓይነት አራት ወር ወስጄ አቁሜአለሁ። በመጀመሪያው ወር የተሰማኝን ብርታት አልክድም። ቆይቶ ግን ጡቴ ሥር ሕመም ያለው እብጠት ወጣ፤ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ስሄድም የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጉበትን ክፉኛ የሚጎዳው በተለይ የሚዋጠው እንደሆነ፣ ጥሩውን የኮሌስትሮል ዓይነት እንደሚቀንስና በቆይታም የልብን ግድግዳ እንደሚያወፍር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ማቆሙ ነበር፤ የጨመርኩት ሥጋ አብዛኛው ሄደ፣ ለወራት ከአልጋ መነሣት አስጠላኝ፣ ለእጮኛዬም ፍላጎት አጣሁ።

መልስ 3
አሠልጣኝ ነኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምን ትበላለህ? ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ 70 ኪሎ ከሆንክ ወደ 110 ግራም ማለት ነው። መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ ይሰጥሃል። የሁዳዴን 55 ቀን ትንሽ ሽሮ በብዙ እንጀራ እየበላ ብረት የሚያነሳ ሰው፣ ሰውነቱ ቢቆም አይገርምም። ጹም፤ ነገር ግን ሽምብራውን፣ ምስሩንና ባቄላውን አብዛው።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የትናንት ምግቤን ብቆጥር ፕሮቲኑ 60 ግራም እንኳ አልሞላም። መርፌውን እንዳያመጣ ለጓደኛዬ ነግሬዋለሁ። እርሱን ግን እንዴት እንደማናግረው ጨንቆኛል፤ ካገባ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ባለቤቱም በየጠበሉ እየተንከራተተች ነው።