በገበያ ማዕከሉ ዙሪያ ስለታሰበው አዲስ ግንባታ፦ የማህበራችንን የጋራ ሐሳብ አብረን እንቅረጽ

ፀሐፊ

ውድ አባላት፣ ከገበያ ማዕከሉ ጎን ባለው ባዶ መሬት ላይ የታሰበውን ግንባታ ንድፉን ሁላችሁም አይታችኋል። ተጨማሪ ሱቆች፣ ቢሮዎች፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለው። አልሚው ዋናው መንገድ እንዲሰፋም ጠይቋል። ፕላን ጽሕፈት ቤቱ የነዋሪዎችን አስተያየት በጽሑፍ እየተቀበለ ስለሆነ፣ ለየብቻ ከምንጽፍ አንድ ሐሳብ ይዘን ብንቀርብ ይሻላል ተባብለናል። የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦

«ማህበሩ ልማቱን ይደግፋል። መጨናነቁ እንዳይብስ ዋናው መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ አንድ መስመር ይጨመርበት። በቂ የመኪና ማቆሚያም ይዘጋጅ።»

የጎደለውን ሙሉበት፣ የማያስኬደውን አውጡት።

የመንገድ መሐንዲስ የሆነ አባል

ፀሐፊያችን፣ ስለ ጀመርክልን እናመሰግናለን። መስመር ይጨመር የሚለው ግን ከረቂቁ ቢወጣ እመርጣለሁ። ምክንያቱን ልዘርዝር።

መንገዱ የሚታነቀው መሐል ላይ ሳይሆን መስቀለኛው ላይ ነው። አንድ መስመር አረንጓዴ መብራት ሳይቋረጥ ቢበራለት በሰዓት ወደ 1,800 መኪና ያሳልፋል። መብራቱ ከጊዜው ሲሶውን ብቻ አረንጓዴ ከሆነ 600 ገደማ ነው የሚያልፈው። መሐሉን ብናሰፋው ሰልፉ ጎን ለጎን ይቆማል እንጂ መስቀለኛውን ፈጥኖ አያልፍም። መስቀለኛውም አብሮ ይስፋ የሚል ይኖራል። ያኔም ቢሆን ሰፊ መንገድ አዲስ መኪና ይጠራል። በፊት ሰዓት ይቀይር የነበረው፣ ሌላ መንገድ ይመርጥ የነበረው ሁሉ ይመጣል። በቴክሳስ ሂዩስተን ውስጥ ያለው የኬቲ አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2008 ሰፍቶ ሲያልቅ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ የጎን መንገዶቹን ጨምሮ እስከ 26 መስመር ደርሶ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በሥራ መውጫና መግቢያ ሰዓት የሚፈጀው ጊዜ እንደገና ረዘመ።

እኔ የምፈልገው መግቢያዎቹን ነው። ንድፉ ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ማዕከሉ ሦስት መግቢያ አለ። አንዱ ከመስቀለኛው አፍንጫ ሥር ነው። እዚያ የሚታጠፍ አንድ መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል። ሦስቱ ወደ አንድ ይጠቃለሉና ከመስቀለኛው ይራቁ። ቦታው ከበቃ ደግሞ መግቢያው ላይ አደባባይ ይሠራ። አራት መንገድ በሚገናኝበት ተራ መስቀለኛ ላይ መኪኖች ሊጋጩባቸው የሚችሉ 32 ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ ናቸው።

ማዕከሉ ውስጥ ሱቅ ያላት አባል

ስለ መግቢያው እስማማለሁ። ጠዋት ዕቃ ሳስገባ የማየው ችግር ነው። ፓርኪንጉን እንዳትነኩብኝ ግን አደራ። ደንበኛ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቦታ ካጣ ሦስተኛ አይዞርም፣ ይሄዳል። የሱቁ ኪራይ ግን ደንበኛ መጣም ቀረም አይቀርም።

የከተማ ፕላን ባለሙያ የሆነች አባል

እህቴ፣ ስጋትሽ ትክክል ነው፤ ማንም ቀላል አድርጎ ሊያየው አይገባም። አንድ ነገር ግን አብረን እናስላ። አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ፣ መተላለፊያውን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር መሬት ይወስዳል። የ400 መኪና ማቆሚያ ከአንድ ሄክታር አያንስም ማለት ነው። ማቆሚያ የሚለካው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገበያው እጅግ በሚደራበት ቀን ነው። በሌላው ቀን አስፋልቱ ባዶውን ይውላል።

እዚህ ቢሮ አለ፣ ሱቅ አለ። ቢሮው በሥራ ቀን ይሞላል፣ ማታና ቅዳሜ ይለቃል። የሱቅ ገበያ የሚደራው ያኔ ነው። ንድፉ ግን ለየራሳቸው ማቆሚያ ቆጥሮላቸዋል። በጋራ ቢጠቀሙ ያንቺ ደንበኛ ቦታ ሳያጣ ማቆሚያው ሊያንስ ይችላል። የኒውዮርክ ግዛቷ ከተማ ቡፋሎ እ.ኤ.አ. በ2017 አልሚዎች ቢያንስ ይህን ያህል ማቆሚያ ይሥሩ የሚለውን ግዴታ ከነጭራሹ አንስታለች። እኛ እስከዚያ አንሂድ። በጋራ መጠቀምን ብቻ እንጠይቅ።

ሱቅ ያላት አባል

በጋራ ከሆነ እሺ። ግን ለበሩ ቅርብ የሆነው ቦታ ለአጭር ጊዜ ማቆሚያ ይሁን። አሁን ጠዋት የሚይዙት እኛው ሻጮችና ሠራተኞቻችን ነን። ይሄ ይጻፍልኝ።

አውቶቡስ የምትጠቀም አባል

እስካሁን ያወራነው ሁሉ ስለ መኪና ነው። እኔ መኪና የለኝም። ማዕከሉ ውስጥ ከሚሠሩትም ብዙዎቹ የላቸውም። አውቶቡሱ የሚያወርደን መንገዱ ዳር ነው። ከዚያ እስከ በሩ ድረስ በቆሙና ወደ ኋላ በሚነዱ መኪኖች መሐል እየተሹለከለክን ነው የምንገባው። ዕቃ ይዞ፣ ልጅ አዝሎ፣ ማታ በጨለማ። አዲሱ ንድፍ ይህን ርቀት በእጥፍ ያስረዝመዋል፤ ሕንፃው ወደ ውስጥ ገብቶ ማቆሚያው ፊት ለፊት ተዘርግቷልና።

ሕንፃው ወደ መንገዱ ይምጣ፣ ማቆሚያው ከጀርባው ይሁን። ይህ የማይቻል ከሆነ ፌርማታው በሩ ድረስ ይግባ። ከሁለቱ አንዱ።

የፕላን ባለሙያዋ

ይህ የረቂቁ ዋና ነጥብ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጣሪያ ያለውን የገበያ ማዕከል በአሜሪካ የጀመረው አርክቴክት ቪክቶር ግሩን ይባላል። በሚኒሶታ ኤዳይና ከተማ የነደፈው ሳውዝዴል እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፈተ። የሰውዬው ሐሳብ ሱቅ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው መኖሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና መስጫና መናፈሻ እንዲኖር ነበር ያቀደው። የተሠራው ሱቁና በዙሪያው የተንጣለለው ማቆሚያ ሆነ። ሌሎችም ያንኑ ገለበጡ። እሱ በኋላ ዘመኑ በስሙ የሚሠራውን ነገር አምርሮ ተቃውሟል።

የተበላሸውን ማቃናት ግን ይቻላል። በኮሎራዶ ሌክዉድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተ ቪላ ኢታሊያ የሚባል ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጋ። ቦታው ላይ ቤልማር የሚባል ሰፈር ተሠራ፤ ተራ የከተማ መንገዶች፣ ከሥር ሱቅ ከላይ መኖሪያ። እዚያ የሚኖር ሰው ለትንሽ ዕቃ ሁሉ መኪና አያስነሳም። እዚህም ከቢሮው የተወሰነው ወደ መኖሪያ ይለወጥ ብለን እንጠይቅ።

ሰብሳቢ

ልጆቼ፣ እኔ የምናገረው ስለ ማቋረጫው ነው። መንገዱን በየቀኑ እሻገራለሁ፤ በዕድሜዬ ምክንያት ፈጣን አይደለሁም። መሐንዲሱ ልጄ፣ መንገዱ ቢሰፋ ለመሻገር ስንት ጊዜ ይፈጃል? አስላልኝ።

መሐንዲሱ

ጋሼ፣ አሁን አራት መስመር ነው፣ 14 ሜትር ገደማ። ጤናማ ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ብለን ብንነሳ 12 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለት መስመር ሲጨመር 21 ሜትር ይሆንና ወደ 18 ሰከንድ ይጠጋል። በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚራመድ ሰው ደግሞ ከ26 ሰከንድ አያንስም። መብራቱ ያን ያህል ካልሰጠ ሰውየው መሐል አስፋልት ላይ ይቀራል።

ፍጥነቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት በመኪና የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉን አስልቷል። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ላይ 10 በመቶ ገደማ ነው። 68 ላይ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። መንገድ በሰፋና ቀጥ ባለ ቁጥር ሹፌሩ ሳያውቀው ይፈጥናል። ስለዚህ ሦስት ነገር ልጨምር። መንገዱ መሐል ላይ እግረኛ ቆሞ የሚጠብቅበት ከፍ ያለ ደሴት ይሠራ። ማቋረጫው ሰው በእርግጥ በሚሻገርበት፣ ከፌርማታው ፊት ይሁን። ፍጥነቱም እዚያ አካባቢ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ምልክት መትከል ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱ ራሱ ሹፌሩን ያዘግየው።

ከማዕከሉ ጀርባ የሚኖር አባል

የኋላው መንገድ ተረሳ። ንድፉ በእኛ ሰፈር በኩል በር አውጥቷል። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሁሉም በኛ በር ያቋርጣል። ልጆች የሚጫወቱበት መንገድ ነው። ይዘጋልን።

የዚያው ሰፈር ሌላ አባል

ጎረቤቴ፣ አትዘጋው። ከተዘጋ እኔ በእግር አምስት ደቂቃ የምደርስበትን ልዞር ነው። እናቴም እዚያ ነው መድኃኒት የምትገዛው።

የፕላን ባለሙያዋ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለመኪና ይዘጋ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈት። የሚነሣ ምሰሶ ይተከልና ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ብቻ ይነሣ።

ከጀርባ የሚኖረው አባል

እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። መብራት ይኑረው እንጂ።

መሐንዲሱ

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። የአልሚውን የትራፊክ ጥናት አነበብኩት። ቆጠራው የተደረገው በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ነው። ጠዋት ሱቁ ገና መከፈቱ ነው! የገበያ ማዕከል የሚጨናነቀው በሥራ ቀን አመሻሽ ላይና ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በባዶ ሰዓት ተቆጥሮ «መንገዱ ይችላል» ማለት አያስኬድም። ቆጠራው በነዚያ ሰዓቶች ይደገም። የእግረኛና የአውቶቡስ ተሳፋሪም ይቆጠር። ካልተቆጠሩ ንድፉ ላይም አይኖሩም።

ለአልሚውም ፍትሐዊ እንሁን። ወደ ማዕከሉ የሚገባ መኪና ሁሉ አዲስ መኪና አይደለም። ከሥራ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ጎራ የሚል አለ። እሱ መግቢያው ላይ ጫና ይፈጥራል እንጂ በዋናው መንገድ ላይ አይጨመርም። ጥናቱ እነዚህን ለይቶ ያሳይ።

ስለ ጎርፍም በአጭሩ። አንድ ሄክታር አስፋልት ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 250 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ቦታው ዝቅ ወዳለው ሰፈር ያዘነብላል። ውኃው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚሰርግበት ወይም ተጠራቅሞ ቀስ እያለ የሚለቀቅበት ቦታ ይኑር።

ሰብሳቢ

ሁሉም ጥሩ ነው። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ማዕከሉ መጀመሪያ ሲሠራ የእግረኛ መንገድና ማቋረጫ ቃል ተገብቶልን ነበር። ንድፉ ላይም ነበር። «በሁለተኛው ምዕራፍ» ተባለ። ሱቁ ተከፈተ፣ መኪናው መጣ፣ ማቋረጫው ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ በኋላ የጻፍነው ደብዳቤ ሁሉ ሰሚ አላገኘም፤ ሕንፃው አንዴ ሥራ ከጀመረ የሚያስገድደው ነገር አልነበረማ።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ይጻፍ። ማቋረጫው፣ የእግረኛ መንገዱና ፌርማታው ተሠርተው ሳያልቁ ለአዲሱ ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጥ። ሌላው ላይ ልንደራደር እንችላለን። በዚህ ላይ አንደራደር።

አውቶቡስ የምትጠቀም አባል

ሰብሳቢያችን እንዳሉት ይሁን። ይህ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ።

ፀሐፊ

የተባለውን ሁሉ አሰባስቤ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማህበሩ በገበያ ማዕከሉ አጠገብ የታሰበውን ልማት የሚደግፈው በሚከተለው ቅድመ ሁኔታ ነው። የእግረኛ ማቋረጫው፣ ከመንገድ እስከ በሩ የሚዘልቀው የእግረኛ መንገድና ፌርማታው ተሠርተው ሳያልቁ ለአዲሱ ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዳይሰጥ እንጠይቃለን።

ዋናው መንገድ እንዲሰፋ አንጠይቅም። በምትኩ ሦስቱ መግቢያዎች ወደ አንድ ተጠቃለው ከመስቀለኛው ይራቁ፤ መግቢያው ላይ አደባባይ የሚቻል መሆኑ ይጠና። ማቋረጫው ከፌርማታው ፊት ሆኖ መሐሉ ላይ መቆሚያ ደሴት ይኑረው፣ የመብራቱ ጊዜ በአዛውንት እርምጃ ይለካ፣ መንገዱም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በማያስነዳ መልኩ ይሠራ።

አዲሱ ሕንፃ ወደ መንገዱ ይቅረብ፣ ማቆሚያው ከጀርባ ይሁን። ይህ ካልተቻለ አውቶቡሱ በሩ ድረስ ይግባ። ቢሮዎቹና ሱቆቹ ማቆሚያውን በጋራ ይጠቀሙ፤ ለበሩ ቅርብ የሆነው ለአጭር ጊዜ ማቆሚያ ይከለል። ከቢሮው የተወሰነው ወደ መኖሪያ ይለወጥ። የኋላው በር ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈት፣ መብራትም ይግባለት። የዝናብ ውኃ በግቢው ውስጥ ይያዝ።

የትራፊክ ቆጠራው በሥራ ቀን አመሻሽና ቅዳሜ ከሰዓት ይደገም፤ እግረኛና ተሳፋሪም ይቆጠር። ውጤቱ ለነዋሪው ሳይገለጽ ውሳኔ አይሰጥ።»

ሱቅ ያላት አባል

የጭነት መኪና ቀረ። ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ከእግረኛው መንገድ ይለይ፣ ማራገፊያ ሰዓቱም ገበያ ከመድራቱ በፊት ይሁን። በቀረው እፈርማለሁ።

መሐንዲሱ

«ተሠርተው ሳያልቁ» ከሚለው ቀጥሎ «ጊዜያዊ ፈቃድም ቢሆን» የሚል ይግባበት። ጊዜያዊ በሚል ሰበብ ያልፋልና።

ፀሐፊ

ሁለቱም ገብተዋል። የማራገፊያውን ከኋላው በር አንቀጽ ጋር አያያዝኩት። ንድፉ ላይ መግቢያውን፣ ማቋረጫውንና የአውቶቡሱን መስመር በቀይ አስምረን ከደብዳቤው ጋር እናያይዛለን፤ መሐንዲሱና የፕላን ባለሙያዋ ይህን ይዘውልኛል። ሰብሳቢያችን፣ እርስዎ ከፈረሙበት በኋላ የአባላት ፊርማ ማሰባሰብ እንጀምራለን።

ሰብሳቢ

አምጣው ልጄ፣ እፈርማለሁ። ስናስገባ ግን ገቢ የተደረገበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘን እንመለስ።