ለልጅ ካርድ ይሰጣል ወይ? ዴቢቱን ቶሎ፣ ክሬዲቱን ቆይቶ

እህቴ፣ «ለልጄ ካርድ ላውጣላት ወይ?» ያልሽውን ጥያቄሽን ትናንት ማታ ካነበብኩት ጀምሮ ሳብሰለስለው ነው ያደርኩት። የ13 ዓመቷ ልጅሽ «ጓደኞቼ ሁሉ ካርድ አላቸው» እያለች ስትወተውትሽ ምን ያህል እንደሚጨንቅ አውቃለሁ። እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቋ 17፣ ታናሹ 12 ዓመታቸው ነው። በሁለቱም በኩል ስላለፍኩበት ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ሁለቱን ካርዶች እንለያቸው። ከላይ በተጻፉት አስተያየቶች አንዳንዶቻችሁ አንድ አድርጋችሁ ስትከራከሩ አይቻለሁ። በዴቢት ካርድ ልጁ የሚያወጣው ያለውን ነው። አካውንቱ ውስጥ የገባው ሲያልቅ አለቀ። ክሬዲት ካርድ ግን ብድር ነው። ለልጅ የኪስ ገንዘቡን በካርድ መስጠትና ገቢ ለሌለው ልጅ ብድር መስጠት በፍጹም አይገናኙም።

ሕጉም ለይቷቸዋል። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ባንኮች ዴቢት ካርድ ከ11 ዓመት ጀምሮ ይሰጣሉ፣ ክሬዲት ካርድ ግን 18 ሳይሞላ የለም። ካናዳ እንደየግዛቱ 18 ወይም 19 ነው። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ክሬዲት ካርድ ለማውጣት በራሱ ገቢ መክፈል እንደሚችል ማሳየት አለበት፣ ካልሆነም 21 የሞላው ሰው አብሮት ይፈርማል። ከዚያ በፊት ካርድ ሰጪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ገብተው ቲሸርትና ስጦታ እያደሉ ተማሪውን ያስመዘግቡ ነበር። ሕጉ ያንንም ገድቦታል። ያኔ በስጦታ ተስቦ የፈረመ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ ዕዳውንም ይዞ ነበር የሚወጣው።

ወንድማችን፣ «ልጅ ገንዘብን በጥሬው ቆጥሮ ይወቅ እንጂ ካርድ ምን ያደርግለታል» ብለሃል። ግማሹ ልክ ነው። ብር ከእጅ ሲወጣ ዓይን ያያል፣ ካርድ ግን ጢጥ ብሎ ያልፋል። ትንንሾቹን እኔም በካሽ ነው ያስተማርኳቸው። ነገር ግን ልጆቻችን ያሉበት ዓለም ካሽ እየጠፋበት ነው። ካሽ ብቻ የሚያውቅ ልጅ 18 ሲሞላው ካርዱ በአንድ ጊዜ እጁ ላይ ይወድቃል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ስህተቱ በብዙ ገንዘብ ይሆናል፣ እናትም አጠገቡ የለችም።

ሌላም ነገር አለ። ካርድ የሌለው ልጅ ያንቺን ካርድ ይጠቀማል። ልጄ 8 ዓመቱ እያለ ታብሌቱ ላይ ካርዴ ተመዝግቦ ቀርቶ ነበር። የባንክ ወረቀቴን ሳይ ትንንሽ ክፍያ ተደርድሮ አገኘሁ። ሁሉም ከአንድ ጌም ነው። ልጁን ስጠይቀው የገንዘብ መሆኑን አያውቅም፣ «አልማዝ ነው የገዛሁት» አለኝ። ስክሪኑ ላይ የሚያየው አልማዝ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ያለ ፓስዎርድ የተውኩት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ የቤታችሁን ታብሌት ከፍታችሁ እዩ።

የታላቋን ልንገርሽ። በ13 ዓመቷ ነው ዴቢት ካርድ ያወጣሁላት። በየወሩ መጀመሪያ የኪስ ገንዘቧን አስገባለሁ፣ ከዚያ በኋላ ወሩ የሷ ነው፣ ብለን ተስማማን። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ሳለች ስልኬ ጠራ። ካርዷ ካሸሩ ጋር እምቢ ብሏል፣ ከኋላዋ ሰልፍ አለ፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ማሚ፣ አሁኑኑ ላኪልኝ፣ በናትሽ!» የባንኩ አፕ ተከፍቶ በእጄ ነበር። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሷል። አልላክሁም። «ያለሽን አይተሽ አንዱን መልሺው» አልኳት። አንጀቴ ተላውሷል፣ ግን አልላክሁም።

ቤት ስትገባ አላናገረችኝም። ማታ ስልኳን ይዛ ወደ ጠረጴዛው መጣችና ወሩን ከላይ እስከታች አብረን አየነው። አንዷን ክፍያ ልታስታውሳት አልቻለችም። ስናጣራ «የመጀመሪያው ሳምንት ነጻ» ብሎ የጀመረ የፎቶ አፕ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ራሱን በራሱ ወደ ክፍያ ቀይሮ በየሳምንቱ ሲቆርጥባት ከርሟል። አፑን ከስልኳ ካጠፋችው ቆይታለች። አፕ ማጥፋትና ሳብስክሪፕሽን ማቋረጥ አንድ እንዳልሆነ እኔም ያን ማታ ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲህ ገንዘቧ ወሩ ሳያልቅ አልቆባት አያውቅም አልልሽም፣ ግን ሰልፍ ውስጥ ሆና ደውላልኝ አታውቅም።

አሁን ደግሞ የእኛን የስደተኞቹን ጉዳይ ልናገር። ስንቶቻችን ነን የባንክ ደብዳቤ ሲመጣ ለልጅ ሰጥተን «ምን ይላል?» የምንል? ልጄ ገና በ11 ዓመቷ ባንክ ቤት ቆማ ኦቨርድራፍት (አካውንቱ ውስጥ ካለው በላይ ሲወጣ ባንኩ ሸፍኖ ቅጣት የሚያስከፍልበት) ምን እንደሆነ አስተርጉማልኛለች። እኔ የተቀጣሁበትን ክፍያ በሷ አፍ ነው የሰማሁት። የቤቱን ዕዳ ታውቃለች፣ የኔን ፒን ታውቃለች፣ የራሷ የምትለው ግን ምንም አልነበራትም። ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል። ልጆቻችን የገንዘቡን ጭንቀት እየተሸከሙ ነው፣ ልምዱንም እንስጣቸው።

ስታወጪላት ልብ የምትዪው ነገር አለ። ኦቨርድራፍት የሚባለው እንዲዘጋ ጠይቂ፣ ማለትም ባላንሱ ሲያልቅ ካርዱ ዝም ብሎ እምቢ ይበል። አሜሪካ ላላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ኤቲኤምና የዕለት የዴቢት ግዢ ላይ ባንኩ ያለ ፈቃዳችሁ ይህን ቅጣት ማስከፈል አይችልም፣ ስለዚህ ፎርሙ ላይ ሲጠይቋችሁ «አልፈልግም» በሉ። ኖቲፊኬሽኑ በሁለታችሁም ስልክ ይግባ። የቁጠባ ገንዘቧ ካርዱ የተያያዘበት አካውንት ውስጥ እንዳይቀመጥ። ካርዱ ከጠፋ ያንኑ ሰዓት እንድታሳውቅሽ፣ ምንም ቁጣ እንደሌለ ቀድመሽ ንገሪያት። ይህን የምልሽ ያለምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የጠፋ ዴቢት ካርድ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ከተነገረ ኃላፊነቱ ከ50 ዶላር አያልፍም፣ ከዘገየ እስከ 500 ይደርሳል፣ የባንክ ወረቀቱ ከተላከ ከ60 ቀን በላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ሊብስ ይችላል። ቁጣ ፈርታ የደበቀች ልጅ ያንን ሁለት ቀን ታቃጥላለች።

ከሁሉ በላይ ግን የወንዶቹ ልጆች እናቶች ስሙኝ፣ የሴቶቹም። በሶሻል ሚዲያ «አካውንትህን ለአንድ ቀን አውሰኝ፣ ገንዘብ ይገባልሃል፣ ትንሽ አስቀርተህ ቀሪውን ላክልኝ» የሚል መልእክት ለወጣቶች ይደርሳቸዋል። ገንዘቡ የተሰረቀ ነው። ልጁ ያስተላለፈው ሳያውቅ ቢሆን እንኳ አካውንቱ ይዘጋል፣ ፖሊስም ሊመጣ ይችላል። ዜግነት ላልያዘ ልጅ የወንጀል መዝገብ ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ አልነግርም። ካርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ይህንን ደጋግማችሁ ንገሩት፣ ጓደኛው ቢለምነውም ጭምር።

ወደ ክሬዲቱ ስመጣ አቋሜ ጥብቅ ነው። የራሱ ደሞዝ የሌለው ልጅ ክሬዲት ካርድ አያስፈልገውም። ለልጄ በወረቀት አስልቼ አሳይቻታለሁ። ዕዳው 1000 ነው እንበል፣ የዓመት ወለዱ 24 በመቶ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 20 ይሆናል። ካርዱ «ቢያንስ 25 ክፈይ» ቢልሽና 25 ብትከፍዪ ከዕዳው የተቀነሰው 5 ነው። 995 ቀረ። ወረቀቱን ረጅም ሰዓት አየችውና «ታዲያ ለምን ዝቅተኛ ክፍያ ይሉታል?» አለችኝ። ለነሱ ስለሚጠቅማቸው ነው፣ አልኳት።

«ክሬዲት ስኮር ቶሎ ይገንባ» የምትሉ ወላጆች አላችሁ፣ ገባኝ። ሰው ዕዳውን እንዴት እንደሚከፍል የሚለካው ነጥብ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅን በወላጅ ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ወላጁ በሰዓቱ የሚከፍል ከሆነም ልጁን ሊጠቅመው ይችላል። ግን ሁለቱንም ጎን እዩት። ልጁ ያወጣውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ እናንተ ካዘገያችሁ ደግሞ መጥፎው ታሪክ በልጁም ስም ሊገባ ይችላል። ፋይኮ የሚባለው ስኮር 35 በመቶው በሰዓቱ በመክፈል ነው የሚሰላው። የራሳችሁ ክፍያ ካልተስተካከለ ልጁን አታስገቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፣ ቅር የሚለው ቢኖርም። የራሳቸው ስኮር ሲበላሽ በልጃቸው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መብራትና ስልክ የሚያስገቡ ወላጆች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ወንጀል ነው፣ ልጁም 18 ሞልቶት ቤት ሊከራይ ሲሄድ በማያውቀው ዕዳ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ወላጅ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጁን የክሬዲት ፋይል፣ ማለትም የብድር ታሪኩን መዝገብ፣ መዝገቡን በሚይዙት በሦስቱም ድርጅቶች፣ በኢክዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን፣ በስሙ ማንም ብድር እንዳይወስድ በነጻ ማዘጋት ይችላል። የሁለቱንም ልጆቼን አዘግቻለሁ። ለልጄ 16 ሲሞላት እንዴት እንደሚከፈት አሳየኋት፣ ከዚያ ወዲህ ቁልፉ የሷ ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ለልጅሽ ዴቢቱን አውጪላት። ስትሄዱ የልደት ሰርተፊኬቷን ያዢ፣ ያንቺና የሷ የመጨረሻ ስም ስለማይመሳሰል እናትነትሽን ማስረጃ ይጠይቁሻል፣ እኔን ሁለት ጊዜ አመላልሰውኛል። ፎርሙን እሷ ትሙላው፣ አንቺ አጠገቧ ተቀመጪ። ፒኑን ስትመርጥ ግን ፊትሽን ዞር አድርጊላት።