አስቸኳይ፦ አካውንቴ ተቆልፏል፣ ሥራውን ደግሞ ነገ ማስረከብ አለብኝ

የጣና ልጅ፦
ወገኖቼ፣ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የምሠራበት ዓለም አቀፍ የፍሪላንስ ገበያ ዛሬ ጠዋት አካውንቴን ቆልፎ «ማንነትዎን ያረጋግጡ» አለኝ። መታወቂያዬን አንሥቼ ላክሁ፤ «መረጃው አይመሳሰልም» ብሎ መለሰው። ደግሜ ላክሁ፤ ያው ነው። አሁን አንድ ዕድል ብቻ እንደቀረኝ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። ኔዘርላንድስ ላለ ደንበኛ በፍሉተር (የመተግበሪያ መሥሪያ ነው) የሠራሁትን የሞባይል መተግበሪያ ነገ ማስረከብ አለብኝ። ክፍያውን ደንበኛው አስቀድሞ ስላስያዘ ገንዘቡ እዚያው ተቀምጧል። መልእክት መላላክ ይሠራል፤ ማስረከቢያውና ገንዘብ ማውጫው ግን ተዘግተዋል። ኢትዮጵያውያን ስለሆንን ብቻ እየለዩ እንደሚያጠቁን ግልጽ ነው። መፍትሔ የምታውቁ?

ሰላም ዘአዳማ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም አጋጥሞኝ ያውቃል። የማሰሻህን (የብራውዘርህን) የተጠራቀመ መረጃ በሙሉ አጥፋ፣ ኮምፒውተሩን ዘግተህ ክፈት፣ ከዚያ በሌላ ማሰሻ ግባና እንደገና ላክ። የእኔ በዚህ ተስተካክሏል።

የጣና ልጅ፦
አድርጌዋለሁ፣ ለውጥ የለም። በስልክም ሞክሬዋለሁ።

ኮድ በፒያሳ፦
እንደገና ከመላክህ በፊት ሦስት ነገር ንገረን። የላክኸው የቀበሌ መታወቂያ ነው፣ ፋይዳ ነው ወይስ ፓስፖርት? ፕሮፋይልህ ላይ ስምህ እንዴት ተጽፏል? የልደት ቀንህንስ ምን ብለህ አስገባኸው? አይመሳሰልም ካሉህ የማይመሳሰል ነገር አግኝተዋል ማለት ነው። እሱን ሳታውቅ የቀረችህን ዕድል እንዳታባክናት።

ፈጣን መንገድ፦
ምን ያስጨንቅሃል! ጎረቤት አገር የተረጋገጠ አካውንት የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። ከገቢህ ጥቂት ትቆርስላቸዋለህ፣ ያለህበትን አገር በሚደብቅ ቪፒኤን ትገባለህ፣ ሥራህን ትቀጥላለህ። ብዙ ልጆች የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ወለላ፦
እባካችሁ ይህን ምክር ማንም እንዳይሰማ! ታናሽ ወንድሜ በተከራየው አካውንት ወራት ለፍቶ ሠርቷል። የደመወዙ ቀን ሲደርስ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ቀየረው፣ ስልኩንም አጠፋው። ማንን ይክሰስ? ውሉ በሌላ ሰው ስም፣ ባንኩ በሌላ ሰው ስም፣ ደንበኞች የጻፉት ምስጋና እንኳ በሌላ ሰው ስም ነው። የፊት ማረጋገጫ የተጠየቀ ዕለት ደግሞ የሚፈለገው የባለቤቱ ፊት እንጂ የሠራተኛው አይደለም። አንድ ወጣት ከምንም ተነሥቶ ስም ሲያተርፍ ያ ስም የራሱ ይሁን።

የጣና ልጅ፦
ለኮድ በፒያሳ፦ የላክሁት ፋይዳ ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የእኔና የአባቴ ስም ብቻ አለ። የተወለድሁት ጥር 20 ቀን 1992 ነው፤ በፈረንጆቹ 7 ዓመት ጨምሬ 1999 ብዬ ሞላሁት። ግን ይህ ምን አገናኘው? ስመዘገብ ተቀብሎኛል፤ ይህን ያህል ጊዜ ስሠራም የጠየቀኝ የለም።

መምህሩ፦
ልጄ፣ የገጠመህ ነገር ያሳዝናል። ግን ከዚህ ችግር ጀርባ ያለውንም መናገር አለብኝ። ወጣቶችን ሳስተምር የማየው አንድ ነገር አለ፤ እንጀራቸውን በሙሉ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ይሰቅሉታል። ድረ ገጹ የዘጋ ቀን ደንበኛም፣ የሥራ ታሪክም፣ ገንዘብም አብሮ ይዘጋል። የሠራኸውን ሥራ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሃብ፣ በራስህ ስም አስቀምጥ። የደንበኛውን ኮድ ያለ ፈቃዱ አታውጣ፤ ለማሳያ ብለህ የሠራኸውን ግን አውጣ።

ሁለተኛው ነገር የሙያ ምርጫ ነው። 5 ሚሊዮን ኮደርስ የተባለው መርሐ ግብር በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ትምህርት በነጻ ተከፈተ። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ተማሪዎቼንም እየገፋሁ አስመዝግቤአለሁ። ነገር ግን ብዙዎቹ ሰርተፍኬቱን ይዘው «ሥራ የለም» ይሉኛል። ደንበኛ ሰርተፍኬት አያነብም፤ የተሠራ ነገር ከፍቶ ነካክቶ ያያል። ሁሉም ሰው የሚችለውን ከመድገም ጥቂቶች የሚችሉትን ያዙ እላለሁ። እንደ ቴሌብርና ቻፓ ያሉ የክፍያ መንገዶችን ከሱቅ ድረ ገጽ ጋር ማገናኘት በደንብ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ አያጣም። በግእዝ ፊደል የሚታተም ደረሰኝ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ፊደሉ ባዶ ሣጥን እየሆነ የሚያስቸግራቸው ድርጅቶች ስንት ናቸው! መድኃኒቱ ቅርጸ ቁምፊውን (ፎንቱን) ከሰነዱ ጋር ማካተት ነው፤ ይህን አጥርቶ የሚሠራ ባለሙያ ግን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የእኛን የዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜው በትክክል የሚያሳይ የቀን መምረጫም እንዲሁ ነው። ለኔዘርላንድስ መሥራት መልካም ነው፤ እዚህ ያለውን ገበያ ግን አትናቁት።

ሰላም ዘአዳማ፦
የማሰሻውን መረጃ ስታጠፋ «ሁሉም ጊዜ» የሚለውን መምረጥህን አረጋግጥ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ያጠፋል።

ኮድ በፒያሳ፦
መምህር፣ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ልጁ ግን የሚያስረክበው ነገ ነውና ወደ እሱ እንመለስ። የጣና ልጅ፣ ቁልፉ ያለው ልደትህ ላይ ነው። 7 የሚጨመረው ከመስከረም ጀምሮ የእነሱ ዲሴምበር እስኪያልቅ ብቻ ነው። ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 23 ላይ፣ አንዳንዴም 22 ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ የሚጨመረው 8 ነው። ጥር 1992 ስለዚህ 2000 እንጂ 1999 አይደለም። አካውንትህ ላይ ዓመቱ በአንድ አንሶ ተጽፏል። ስትመዘገብ የተቀበለህ ማንም ስላላመሳከረው ነው፤ ዛሬ ከካርዱ ጋር ሲያመሳክሩት ልዩነቱ ወጣ።

ሰላም ዘአዳማ፦
ታዲያ ጥር 20 ጃንዋሪ 28 ነው። 28 ጃንዋሪ 2000 ብለህ አስተካክለው።

ወለላ፦
29 ነው! አደራ፣ 28 ብሎ ቢልክ የቀረችውን ዕድል ያጣታል። በአብዛኛው ዓመት ጥር 20 ጃንዋሪ 28 ላይ ይውላል፤ ልክ ነህ። የ1991 ጳጉሜ ግን 6 ቀን ነበረች፤ ስለዚህ የ1992 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን ነው። ከዚያ ጀምሮ የእነሱ ፌብሩዋሪ 29 እስኪደርስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ትዝ ካላችሁ በዚያ ዓመት ገናንም ያከበርነው ታኅሣሥ 28 ነው። ስለዚህ የልጁ ልደት ጃንዋሪ 29 ቀን 2000 ነው።

ኮድ በፒያሳ፦
ወለላ ልክ ናት። ለነገሩ ማስላትም አያስፈልግም፤ የፋይዳ ካርዱ ላይ ልደቱ በሁለቱም አቆጣጠር ታትሟል። የጣና ልጅ፣ ካርድህን አንሥተህ የፈረንጁን ቀን እንዳለ ገልብጠህ ጻፍ። ካርዱ ከወለላ ስሌት የተለየ ከሆነ ግን የሚቆጠረው ካርዱ ነው። ፓስፖርት ካለህ ደግሞ ሁለቱን አስተያይ፤ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ መጀመሪያ እነሱ መስተካከል አለባቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጆች፣ ስሙን አትርሱት። እኔ አሜሪካ ስመጣ ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበው የአያቴ ስም ነበር። ዲፕሎማዬ በአባቴ ስም፣ የባንክ ሒሳቤ በአያቴ ስም ሆኖ አንድ ሰው መሆኔን ለማስረዳት ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ። የሚያመሳክረው መሣሪያ ይሁን ሰው የእኛን የስም ሥርዓት አያውቅም፤ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው። ወንድሜ፣ ካርድህ ላይ ሦስት ስም ካለ ፕሮፋይልህ ላይም ሦስቱን ጻፍ። አያትህም በሥራህ ይመስገኑ! በላቲን ስትጽፈው ካርዱ ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳትጨምር ሳትቀንስ ይሁን። ጸሐይን፣ ኃይሌን፣ ጌታቸውን የመሰሉ ስሞች በላቲን ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳላቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ታዛቢ፦
«ኢትዮጵያውያን ስለሆንን እየለዩ ያጠቁናል» ያልኸውን ግን አልቀበልም። ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት ሁሉ ደንበኛውን ለይቶ እንዲያውቅ ሕግ ያስገድደዋል። የሕንዱም፣ የፖላንዱም፣ የኬንያውም ሰው መታወቂያ ይጠየቃል። እዚህ የባንክ ሒሳብ ስትከፍት አልተጠየቅህም?

የጣና ልጅ፦
ይጠየቁ፤ እነሱ ግን ዓመቱን በ7 እና በ8 እየቀየሩ አይሞሉም፣ የአያት ስም ይጨመር አይጨመር ብለውም አይጨነቁም። ቅጹ የተሠራው ለእነሱ ነው። የምለው ይህንን ነው።

ታዛቢ፦
እንዲህ ካልኸው እስማማለሁ። ቅጹ ለእኛ አልተሠራም። ሆን ተብሎ ከመጠቃት ጋር ግን አንድ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን አስረድተህ ልታስተካክለው ትችላለህ።

ፈጣን መንገድ፦
ደንበኛው በመልእክት ይገኛል ካልህ ለምን ገንዘቡን በሐዋላ በቀጥታ አይልክልህም? ሥራውን በኢሜይል ስጠው፣ አለቀ።

ኮድ በፒያሳ፦
ይህን ካደረገ የተቆለፈው አካውንት ለዘለዓለም ሊዘጋ ይችላል። ለምሳሌ በአፕወርክ ደንብ በዚያ ገበያ የተዋወቅኸው ደንበኛ ለ2 ዓመት መክፈል ያለበት በዚያው በኩል ነው፤ ለመውጣት ከተፈለገ የሚከፈል ክፍያ አለ። ሌሎቹም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ደግሞስ ደንበኛው አንድ ጊዜ ገንዘብ አስይዟል፤ ሁለተኛ በሌላ መንገድ ክፈል ቢባል አጭበርባሪ የገጠመው ቢመስለው ይፈረድበታል?

የጣና ልጅ፣ እንዲህ አድርግ። አሁኑኑ ለደንበኛው በዚያው መልእክት ጻፍለት። ሥራው አልቋል፣ አካውንቴ የማንነት ማረጋገጫ ላይ ስለሆነ የማስረከቢያው አዝራር ለጊዜው ተዘግቷል፣ እባክህ የማስረከቢያውን ቀን አራዝምልኝ በለው። መተግበሪያው ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም አያይዝለት፤ ሥራው በእርግጥ ማለቁን በዓይኑ ይየው። ከዚያ ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍ። ኢትዮጵያ የራሷ የዘመን አቆጣጠር እንዳላት፣ ስትመዘገብ ዓመቱ ሲቀየር ስሕተት እንደተፈጠረ፣ ትክክለኛው ቀን ካርዱ ላይ እንዳለ በአጭሩ ግለጽ። የልደት ቀኑንና ስሙን እንዲያስተካክሉልህ ጠይቅ። እነሱ አስተካክለው እስኪነግሩህ ድረስ ካርዱን በማረጋገጫው ቅጽ እንደገና እንዳትልክ። ቅደም ተከተሉን አደራ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
አካውንቱ ሲከፈት ገንዘቡን የምታወጣበት የባንክ ሒሳብም በዚሁ ስም መሆኑን ተመልከት። ስሙን ፕሮፋይሉ ላይ ወደ ሦስት ቀይረህ ባንኩ ላይ በሁለት ከቀረ ሌላ እገዳ ይጠብቅሃል። ሌላም ነገር ልጨምር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱን ሲቀይር፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት እንዲችሉ ፈቅዷል። ለሥራህ የሚያስፈልግህን የሰርቨርና የሶፍትዌር ክፍያ ከዚያ ሒሳብ መክፈል ትችል እንደሆነ ባንክህን ጠይቅ። ብዙ ፍሪላንሰሮች ይህን ሳያውቁ ዘመድ ካርድ ሲለምኑ አያለሁ።

መምህሩ፦
የጣና ልጅ፣ ይህን ቀን የመቀየር ጣጣ በገዛ ራስህ አየኸው። ነገ ሥራህን ካስረከብህ በኋላ ለፍሉተር የሚሆን የኢትዮጵያ ቀን መምረጫ ሠርተህ በስምህ አውጣው። ወለላ ያለችውን የ1992ን ጃንዋሪ አጥርቶ ካወጣ እኔ ራሴ ለማውቃቸው ድርጅቶች አሳይልሃለሁ።

የጣና ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፤ እናንተም ሁላችሁ። ካርዱን አየሁት፤ ወለላ እንዳለችው 29 ነው። ለደንበኛው ጽፌለታለሁ፣ ለድጋፍ ክፍሉም ልኬአለሁ። አሁን መልስ ሰጡኝ፤ በቪዲዮ ሊያነጋግሩኝ ለነገ 14:00 ዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ቀጥረውኛል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው? እዚህ መብራት በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል ይጠፋል፣ ያን ጊዜ ቢጠፋስ?

ኮድ በፒያሳ፦
ከቀኑ 11 ሰዓት። 3 ሰዓት ስትጨምርበት 17:00 ይሆናል፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ነው። 14:00 ስላለ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብለህ እንዳትሳሳት።

ወለላ፦
በኮምፒውተር ሳይሆን በስልክ ግባ፤ ስልኩን ጠዋት መቶ በመቶ ሙላው፣ የሞባይል ዳታም ግዛ። መብራት ቢጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፣ የስልክህ ዳታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም። በ11 ሰዓት ፀሐይ ገና ስላለች መስኮት ፊት ለፊት ተቀመጥ፤ መስኮቱ ከጀርባህ ከሆነ ፊትህ ይጨልማል። ካርዱን ከፕላስቲክ መያዣው አውጣው፣ ብርሃን ያንጸባርቅበትና ቁጥሩ አይነበብም። በጣትህም ልደትህን እንዳትሸፍነው።

ሰላም ዘአዳማ፦
ከቀጠሮው በፊት ደግሞ የማሰሻውን መረጃ አጥፋ።

እናት ጓዳ፦
ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ልደት ነሐሴ 3 ቀን 1994 ነው። እኔም 7 ጨምሬ ነው የሞላሁት። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ልተወው?

ወለላ፦
ለነሐሴ ልደት የሚጨመረው 8 ዓመት ነው እህቴ፤ ኦገስት 9 ቀን 2002። አትተዪው፤ ሳይቆልፉብሽ በፊት ዛሬውኑ ለድጋፍ ክፍሉ ጻፊላቸው፣ ካርድሽንም አብረሽ አያይዢ።