«እንደ አባት ነበር» ያለው ሰው ይመለስልን

ባለ ጋቢው፦ ትናንት ማታ ቮይስ ቻቱ ላይ የተባለውን ሰምቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወሬው ስለ ህንዷ ቤንጋል ነበር፤ ዛሚንዳር ስለሚባሉት ግብር ሰብሳቢ ባለመሬቶች። አንዱ «የሂንዱ ዛሚንዳር ለሙስሊም ጭሰኛው እንደ አባት ነበር፤ ያጣላቻቸው እንግሊዝ ናት» አለ። እናንተም የልብ ምልክት አዘነባችሁለት። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁን ለጢሙ ግብር የሚያስከፍል አባት የት አገር አለ? ዛሚንዳሩ ክሪሽና ዴብ ራይ በሙስሊሙ የገበሬ መሪ በቲቱ ሚር ተከታዮች ላይ የጢም ግብር ጥሏል። ቲቱ ሚር የቀርከሃ ምሽግ ሠርቶ ተዋጋ። በ1831 የእንግሊዝ ጦር መድፍ አምጥቶ ምሽጉን አፈረሰው፤ እሱም እዚያው ሞተ። አባትና ልጅ እንዲህ ነው የሚኖሩት?

የመርካቶው፦ የጢም ግብር! ዛሬ ቢሆን ግማሹ ግሩፕ ባለዕዳ ነበር።

ዳላስ ነኝ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ «አንዱ» እያልክ አትሸፋፍን። ደግሞ ሙሉውን አልሰማህም። እኔ ያልኩት ከ1793 በፊት ስለነበረው ነው። ያን ዓመት የእንግሊዙ አገረ ገዢ ኮርንዋሊስ ግብሩን ለዘለዓለም ቆረጠው። ከተሰበሰበው 11 እጅ 10ሩ አገሩን ለሚገዛው ለእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ 1ዱ ለዛሚንዳሩ። በቀጠሮው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልከፈለ ርስቱ በሐራጅ ይሸጣል። የጥንቶቹ ቤቶች የወደቁት በዚህ ነው። አንገቱ ላይ ገመድ የገባበት ሰው ሌላውን ቢያስጨንቅ ጥፋቱ የማን ነው?

ነጭ ሽንኩርት፦ 1793 ስትል በእኛ ነው በፈረንጅ?

ዳላስ ነኝ፦ በፈረንጅ ነው ወንድሜ። ህንድ ውስጥ ምን ብሎ በእኛ ይሆናል?

እቴ ሜቴ፦ ገመድ አንገቱ ላይ ገባ? እኔ የማውቀው ዛሚንዳር ካልካታ ላይ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሠርቶ የተቀመጠውን ነው። መሬቱን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ነበር። ሰብሳቢው ናይቡ ነው፤ የእኛ ምስለኔ በሉት። ከኋላው ባለዱላ አስከትሎ ይመጣል። ዳላስ የዘለላት ነገር አለች። ግብሩ ለዘለዓለም የተቆረጠው ለዛሚንዳሩ ነው እንጂ ለጭሰኛው አይደለም። ጫካው ሲመነጠር፣ ሰው ሲበዛ፣ ኪራዩ ወደ ላይ ወጣ። ለመንግሥት የሚገባው ግን ያው ነው። ልዩነቱ የት ገባ? አባትየው ኪስ! በ1799 ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የጭሰኛውን እህል እንዲይዝ ሥልጣን ሰጡት።

ባለ ጋቢው፦ አብዋቡንም ጨምሪበት። ከኪራዩ ውጭ የሚጠየቀውን ማለቴ ነው። የጌታው ልጅ ሲዳር ጭሰኛው ያዋጣል። የሂንዱዎቹ የዱርጋ በዓል ሲደርስ ሙስሊሙም ያዋጣል። የሙስሊም ገበሬዎቹ መሪ ዱዱ ሚያን ተነስቶ «መሬት የአላህ ነው፤ ለጣዖት በዓል አንከፍልም» ሲል ገበሬው ግልብጥ ብሎ የተከተለው ለምን ይመስልሃል?

ዳላስ ነኝ፦ ምስለኔ ያልሽው ትርጉም ልክ አይደለም። ምስለኔ የመንግሥት ሹም ነው። ናይብ የግል ቅጥረኛ ነው።

እቴ ሜቴ፦ ጉዳያችን ይሄ ሆነ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ለሁለቱም ይሠራል።

የመርካቶው፦ እኔ ግን «ጭሰኛ» የሚለውም አልተዋጠልኝም። እዚያ ገበሬውና ዛሚንዳሩ መሐል ስንት ደላላ አለ። ዛሚንዳሩ ለሌላ ያከራያል፣ ያ ለሌላ፣ ያኛውም ለሌላ። ባካርጋንጅ አካባቢማ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው። አራሹ ጌታው ማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት፦ ስሜን በከንቱ አታንሳ።

የቀድሞ መምህር፦ ልጆች፣ አባት አባት እያላችሁ ሰዓቱ ነጎደ። ከፓብና ነገር ብትነሱ ይሻላችኋል፤ እዚያው ቤንጋል ያለ አውራጃ ነው። በ1873 እዚያ፣ ሲራጅጋንጅ ላይ፣ ገበሬዎች ማኅበር መሠረቱ። ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ሙስሊሞች ናቸው። ባለመሬቶቹ ሂንዱዎች። ግን ከፊት የሚመራቸው ማን ነበር? ኢሻን ቻንድራ ሮይ የሚባል ሂንዱ! ከአጠገቡ ኩዲ ሞላ የሚባል ሙስሊም። መዋጮ አዋጥተው ጠበቃ ቀጠሩ። የእንግሊዝ ንግሥት ጭሰኞች ብቻ እንሁን ነበር ያሉት። ባለመሬቶቹ የመለኪያ ዘንጉን አሳጥረውባቸው ነበር። መሬቱ ሳይጨምር ቢጋው፣ ማለትም የመሬት መለኪያው ቁጥር፣ ይጨምራል፤ ኪራዩም በቢጋ ነው። የሃይማኖት ጠብ ዘንግ አያሳጥርም።

ዳላስ ነኝ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኸው! የሃይማኖት አይደለም ነው ያልኩት።

እቴ ሜቴ፦ «እንደ አባት» ነው ያልከው። ጋሼ ያሉት ሌላ ነው። ዘንግ የሚያሳጥር አባት ከጢም ቀራጩ በምን ይሻላል?

ዳላስ ነኝ፦ ሁሉም አንድ አልነበሩም። ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ዛሚንዳር ነበር። ፓቲሳር ላይ ለገበሬው ባንክ ከፍቷል። በ1913 ያገኘውን የኖቤል ገንዘብ እዚያው ባንክ አስቀመጠ። የታለ ጭራቁ?

እቴ ሜቴ፦ ታጎርን እንደምታመጣ አውቄ ነበር፤ ሻይ አፍልቼ ስጠብቅህ ነው ያመሸሁት። ደግ ሰው ነው፤ አልካድኩም። ጋሼ ባሉት የፓብና አካባቢ፣ ዩሱፍሻሂ ላይ፣ መሬት ከነበራቸው ቤቶች አንዱ ግን የእሱው ቤተሰብ ነው። በሐራጅ ከወደቀው ከናቶር ራጃ ርስት የተገዛ ነው። አንተ ያለቀስክላቸው የጥንት ቤቶች ሲወድቁ ማን እንዳነሳው አየህ?

የመርካቶው፦ ዋው። ይህቺ ገባች።

ባለ ጋቢው፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሃይማኖት የለበትም የሚለው ለእኔ አይዋጥልኝም። ባለመሬቱ ከላይኞቹ የሂንዱ ዘሮች፣ ብራህሚን፣ ካያስታ፣ ባይድያ ነበር። ጭሰኛው ሙስሊም ወይም ናማሹድራ፣ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው የሂንዱ ዘር። ሙስሊሙ የዛሚንዳሩ ጽሕፈት ቤት ሲገባ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም። ናማሹድራው ሂንዱ ሆኖም እንደዚያው። ለዚህም ነው የናማሹድራው ጆገንድራናት ማንዳል ፓኪስታንን ከጠየቀው ፓርቲ፣ ከሙስሊም ሊግ ጋር የቆመው፤ የፓኪስታን የመጀመሪያው የሕግ ሚኒስትር እስከመሆን ደረሰ።

ዳላስ ነኝ፦ ለምን እዚያ ላይ ታቆማለህ? ጨርሰው እንጂ። በ1950 ሥራውን ለቆ ህንድ ገባ፤ «ወገኖቼ እየተገደሉ ነው» ብሎ። ደግሞ የዳካው ናዋብ ሙስሊም ዛሚንዳር ነበር። እሱስ አባት ነው የእንጀራ አባት?

የቀድሞ መምህር፦ ይኼ ጥያቄ ደህና ነው። በ1946 ቴብሃጋ የሚባለው የእኩል አራሾች ንቅናቄ ሲነሳ ጠቡ ከጆተዳሮቹ ጋር ነበር፤ መንደር ውስጥ ከሚኖሩት ሀብታሞች ጋር። ከእነሱ መሐል ሙስሊምም፣ ራጅባንሺ የሚባሉት የአካባቢው ተወላጆችም ነበሩ። ጥያቄው ቀላል ነው። እኩል አራሹ «ግማሹ አይበቃኝም፤ ሁለት ሦስተኛው የእኔ ነው፤ እህሉም የሚወቃው በእኔ አውድማ ነው» አለ። አውድማው የማን ነው የሚለው ትልቅ ነገር ነው። አገር ቤት ያደገ ያውቀዋል። እህሉ ጌታው ግቢ ከገባ በኋላ ክፍያው በእሱ ቁና ነው። እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ የደቡብ ህንዷ የኬረላ ሰው ነበሩ፤ ያኔ ብዙዎቹ ህንዳዊ መምህራን ከዚያ ነበር የሚመጡት። እኛ «መሬት ላራሹ» ስንል ፈገግ ይሉ ነበር። ኬረላ ላይ ናምቡዲሪ የሚባሉ ብራህሚኖች ነበሩ ባለመሬቶቹ። ከባለመሬት ቤት የወጣው ናምቡዲሪፓድ በ1957 ኮሚዩኒስት ሆኖ ኬረላን እንዲመራ ተመርጦ የወገኖቹን መሬት ሊያከፋፍል ተነሳ። በሁለት ዓመቱ ማዕከላዊው መንግሥት ሻረው። ጭሰኝነት የቀረው በ1970 ነው።

የመርካቶው፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሰልፍ ወጥተዋል እንዴ?

የቀድሞ መምህር፦ እሱን ሌላ ቀን።

አድሚን፦ ወደ አገር ቤት ፖለቲካ እንዳትገቡ። ባለፈው በርስትና ጉልት ምክንያት 14 ሰው ነው ያባረርኩት።

እቴ ሜቴ፦ አድሚን፣ አንድ ብቻ። በ1859 የወጣው ሕግ አንድን ማሳ 12 ዓመት ያረሰ አይነቀልም ይል ነበር። ባለመሬቱ ምን አደረገ? በ11ኛው ዓመት ገበሬውን ወደ ሌላ ማሳ አዛወረው። በ1885 ሕጉን ሲያርሙ «በዚያው መንደር 12 ዓመት ያረሰ» ብለው የጻፉት በዚህ ተንኮል ነው። ዳላስ፣ አባትህ 12 ዓመት እንዳይሞላህ ብሎ ክፍል አስቀይሮህ ያውቃል?

ዳላስ ነኝ፦ አባቴን ለቀቅ። አስር ጊዜ ተናገርኩ፤ ያልኩት ከ1793 በፊት ስለነበረው ነው። የምትቆጥሩት ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ባለ ጋቢው፦ ቮይሱን ቀድቼዋለሁ። አሁን ሦስቴ ደግሜ ሰማሁት። 1793 የሚል ቃል የለበትም።

ዳላስ ነኝ፦ ቆርጠኸው ይሆናል። ሙሉውን ላክ።

ባለ ጋቢው፦ 47 ደቂቃ ነው። በማን ዳታ?

ነጭ ሽንኩርት፦ 1831ስ? እሱም በፈረንጅ ነው?