የኮሞዶር 64 ኪቦርድ፦ ስምንት ቁልፎች በአንድ ላይ ጸጥ አሉ

የሆጤው (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። አጎቴ ከምዕራብ ጀርመን ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ኮሞዶር 64 (ከቴሌቪዥን ጋር የሚሠራ የድሮ የቤት ኮምፒውተር) እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ተጠቅልሎ ከቆየ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት አውጥቼ ከድሮው ቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘሁት። ሰማያዊው ገጽ ወጣ፤ ችግሩ ኪቦርዱ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ቁልፎች የሚጽፉት በኃይል ሲጫኗቸው ብቻ ነው። ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዜድ፣ ኢ፣ 3፣ 4 እና የግራው ሺፍት ግን ምንም ቢጫኗቸው አይሠሩም፤ ሺፍት ሎክም እንደዚያው ነው። ፒያሳ አካባቢ ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ ባሳየው በቲነር ልጠበው አለኝ፤ ፈርቼ ይዤው ተመለስኩ። የደሴ ጉም አበላሽቶት ይሆን?

የቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)፦
ቲነሩን እምቢ ማለትዎ ደግ አደረጉ፤ የቁልፎቹን ፕላስቲክ ይበላዋል። ጉሙንም ገና አይውቀሱት። በመጀመሪያ የሞቱትን ቁልፎች ዝርዝር ደግመው ያንብቡ፤ የምርመራው እኩሌታ ያለው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ ሽቦ የለውም፤ ስምንት መስመሮች ከሌሎች ስምንት መስመሮች ጋር ይተላለፉና ቁልፍ ሲጫን ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ መስመር ይገናኛል። የዘረዘሯቸው ስምንት ቁልፎች ሁሉ የአንድ መስመር ልጆች ናቸው፤ ሺፍት ሎክ ደግሞ ከግራው ሺፍት ጋር በትይዩ የተያያዘ በመሆኑ አብሮ ጠፋ። ስምንት ቁልፎች ተማክረው አይቆሽሹም። ስለዚህ ሁለት ብልሽቶች ተደራርበውብዎታል፦ የሚያስቸግሩት ቁልፎች ቆሽሸዋል፣ ስምንቱ ግን መስመራቸው ተቋርጧል።

ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ይክፈቱትና የኪቦርዱን ገመድ ከዋናው ቦርድ ያላቁ። መሰኪያው 20 ቦታዎች ሲኖሩት ከአንደኛው ጫፍ ሁለተኛው ሆን ተብሎ የተዘለለ ነው፤ ቆጠራውን ከዚያ ጫፍ ይጀምሩ። የሚጠረጠረው መስመር 19ኛው ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ እዚያ አድርገው፣ ደብሊውን ተጭነው እንደያዙ፣ ሌላውን ጫፍ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ድረስ እያስነኩ ይሂዱ። ቴስተሩ ይጮኻል ብለው አይጠብቁ፤ የቁልፎቹ መገናኛ ካርቦን ስለሆነና እንደ ሽቦ በቀላሉ ስለማያስተላልፍ በኦም (በመቋቋም መለኪያው) ያንብቡ። በአንዱም ቦታ ንባብ ካላገኙ መቋረጡ ኪቦርዱ ውስጥ ነው። እጅ ካጠረዎት የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ወደ ኮምቦልቻ ይምጡ፤ ካውያዬ አሁንም ይሠራል።

ባለ ጆይስቲኩ (ደሴ)፦
ይኸው መስመር በሁለተኛው የጆይስቲክ መሰኪያ ላይ «ወደ ታች» የሚለውን ትእዛዝ ያስተላልፋል። ኪቦርዱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ጆይስቲክ ሰክተው ይሞክሩ፤ እርሱም ወደ ታች አልሄድ ካለ ጥርጣሬው ኪቦርዱንና ጆይስቲኩን ወደሚያነበው 6526 ቺፕ ይዞራል። ቦርዱ ላይ ሁለት 6526 ስላሉ፣ በሶኬት የተቀመጡ ከሆነ ቦታ አለዋውጦ መፈተን ይቻላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ትራንስፎርመሩ ነው፤ አብሮት የመጣው ሲያረጅ 5 ቮልቱን ከፍ አድርጎ ይለቅና ቺፖችን ያቃጥላል። ሳይለኩት ደግመው አያብሩ።

የሆጤው (ደሴ)፦
ቮልቱ 5.1 ሆኖ ተገኘ። 19ኛው ግን ከየትኛውም ጋር አላነበበም። ኪቦርዱን ስገለብጠው፣ ገመዱ ከቦርዱ ጋር በተበየደበት ሥር አንድ ቀጭን ሽቦ ልባሱ ውስጥ እንዳለ ተበጥሷል፤ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ በጥፍር ሲነኩት ግን ይወዛወዛል። ጫፉን ልጬ በየድኩት፤ ስምንቱም፣ ሺፍት ሎክም በአንዴ ተመለሱ። ለቀሩት ደግሞ የሺፍት ሎክን ሁለት ሽቦዎች ከብየዳቸው አላቅቄ፣ እነዚያን ጥቃቅን ብሎኖች በሙሉ ፈትቼ (አንዱን ምንጣፍ ሥር እስከ ማታ ስፈልግ ዋልኩ)፣ የቦርዱን ጥቁር ነጥቦችና የቁልፎቹን የጎማ ጫፎች ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል በጥጥ ጠረግኋቸው። ጥጡ ጥላሸት የነካ መሰለ። አሁን የቀረው ኤፍ 7 ብቻ ነው፤ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?

የቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)፦
በፍጹም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው እርሱ ጥቁሩ ሽፋን ነው። ለስላሳ እርሳስ ቢቀቡት ለጊዜው ይሠራል፣ ብዙ ግን አይዘልቅም። ከዚያ የሚሻለው ብዙም ከማይነካ ቁልፍ ጋር ጫፉን ማለዋወጥ ነው። እኔ ብሆን የፓውንዱን ምልክት ቁልፍ እመርጣለሁ፤ ደሴ ላይ ሆኖ ፓውንድ የሚጽፍ ማን አለ?